በትራክ ላይ የነዳጅ ቁጠባ ውድድር ልገባ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? በእሽቅድምድም ትራክ ላይ ለሚካሄድ የነዳጅ ቁጠባ ውድድር ተመዝግቤያለሁ። አንዱ ዙር 3 ኪሎ ሜትር ነው። 12 ዙር በ50 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ አለብን፤ ከዚያ ትንሽ ነዳጅ የፈጀ ያሸንፋል። ፍጆታው የሚለካው ከውድድሩ በፊትና በኋላ ታንኩን በመሙላት ነው። መኪናዬ 1.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት ባለ ማንዋል ማርሽ ናት። ከነእኔ 1,200 ኪሎ ትመዝናለች። ጎማዬን እስከ 50 ፒኤስአይ ልንፋው? ከማርሽ አውጥቶ ፎሌ ማድረግ ይሻላል ወይስ ማርሽ ውስጥ መተው? ሞተር ማጥፋትስ? መቼም የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሁሉም ነገር ተምታቶብኛል።»

መልስ፦

ስለ ጎማ ጠየቅክ፣ ስለ ፎሌ ጠየቅክ፣ ስለ ሞተር ማጥፋት ጠየቅክ። ስለ ኩርባው ግን አንዲት ቃል የለችም። አብዛኛው ተወዳዳሪ ነዳጁን የሚደፋው ደግሞ እዚያ ነው። የጠየቅከውን ሁሉ እመልስልሃለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ለእኔ ተውልኝ።

ከሰዓቱ እንነሳ። 50 ደቂቃ ለ12 ዙር ሲካፈል ለአንዱ ዙር 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይደርሰዋል። በአማካይ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በእሽቅድምድም ትራክ ላይ ይህ ፍጥነት እንቅልፍ ያመጣል። ታዲያ ቀድሞ ለሚገባ ነጥብ የለም። ሦስት ደቂቃ ቀድመህ ብትገባ ሦስቱን ደቂቃ በነዳጅ ገዝተህ ጣልካቸው ማለት ነው። እኔ ብሆን አንዱን ዙር በ4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አቅደዋለሁ። በ12 ዙር አንድ ደቂቃ መጠባበቂያ ይወጣል። ከቆምክበት ስትነሳ የመጀመሪያው ዙር ከዚያ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። የመጨረሻውም ይወስዳል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

መጠባበቂያውን የማጠብቀው ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ጊዜ ነዳጄ ከሁሉም ተወዳዳሪ ያነሰ ነበር። በመጨረሻው ዙር እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ መኪናው በግፊቱ ይግባ ብዬ ለቀቅኩት። ከፊት ለፊት ነፋስ ተነሳ። መስመሩን በ7 ሰከንድ ዘግይቼ አለፍኩና ውጤቴ ተሰረዘ። መኪናው ላይ አንድ ወር ሙሉ ስለፋ ነበር።

አሁን ወደ ሞተሩ። በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ስትሄድ እንዳንተ ያለችውን መኪና ወደ ኋላ የሚይዛት ምንድን ነው? ጎማዎቹ በግምት 120 ኒውተን፣ አየሩ ደግሞ 55 ኒውተን ያህል ይይዟታል። ይህን አሸንፎ ለመሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት ከ2 ኪሎዋት ትንሽ ይበልጣል። ሦስት የፈረስ ጉልበት ገደማ በለው። ሞተርህ ግን ሰማንያና ከዚያ በላይ ማውጣት ይችላል። ለሦስት ፈረስ ሥራ ሰማንያ ፈረስ ነው ይዘህ የምትዞረው።

የቤንዚን ሞተር ደግሞ ቀላል ሥራ አይወድም። ነዳጁን በትንሹ ስትረግጥ የአየር ማስገቢያው በር ሊዘጋ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሞተሩ በዚያች ቀዳዳ አየር ለመሳብ ብቻ ብዙ ጉልበት ያባክናል። የራሱ የውስጥ ሰበቃም እንዳለ ነው። ስለዚህ በአንድ ሊትር የሚሠራው ሥራ ይቀንሳል። ጠንከር አድርገህ ብታሠራው ግን፣ አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ዝቅ እስካለ ድረስ፣ ያንኑ ሊትር በተሻለ ይጠቀምበታል። በቀስታ በመርገጥ ነዳጅ ይቆጠባል የሚባለው ግማሽ እውነት የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ዘዴ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው። በአራተኛ ማርሽ፣ አርፒኤም 1,700 እስከ 2,300 አካባቢ፣ መስጫውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ረግጠህ ከ40 ወደ 50 ታወጣታለህ። ከዚያ ለቅቀህ በግፊቷ እስከ 40 እንድትወርድ ትተዋታለህ። ደግመህ ትገፋለህ። ሼል የሚያዘጋጀው የኢኮ ማራቶን ውድድር ላይ የሚቀርቡት ባለ ቤንዚን ጥቃቅን መኪኖችም የሚሄዱት በዚሁ ነው፤ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ያስነሱታል፣ ከዚያ ያጠፉትና ይንከባለላሉ። ያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1939 በኢሊኖይ፣ በሼል ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች መካከል በተደረገ የወዳጅነት ውርርድ ነው የተጀመረው። የዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ፓክ ካር 2 እ.ኤ.አ. በ2005 በሃይድሮጅን እየሠራች በአንድ ሊትር ቤንዚን ልክ ሲሰላ 5,385 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ክብደቷ ግን 29 ኪሎ ነበር። ያንተን ስኮርታ ከነክሪኩ ከመዘንከው ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ እንዳትቀና ብዬ ነው።

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። መግፋትና መልቀቁ ጠቃሚ ከሆነ ከ30 እስከ 60 ላድርገው ይላል። አይሆንም። አየሩን ለመሰንጠቅ በየሰከንዱ የምታወጣው ጉልበት ከፍጥነትህ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው የሚያድገው። የጊዜውን ግማሽ በ30፣ ግማሹን በ60 ብትሄድ አማካይህ 45 ነው። ሳትለዋወጥ በ45 ከሄደው ሰው ግን ለአየሩ ሲሶ ያህል ትርፍ ትከፍላለህ። በ40 እና በ50 መካከል ብትወጣና ብትወርድ ትርፉ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። ጠበብ አድርገው።

ፎሌ ወይስ ማርሽ? ይህ ጥያቄ ሰው ሲያጣላ ነው የኖረው፤ መልሱ ግን ምን እንደምትፈልግ ላይ ነው ያለው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ብታነሳ ዘመናዊ ሞተር ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል። ዜሮ ነው የሚጠጣው። ሞተሩ ግን መኪናዋን ይይዛታል፤ በነዳጅ ያመጣኸው ፍጥነት ቶሎ ያልቃል። ፎሌ ላይ ደግሞ ሞተሩ ነዳጅ ሳትረግጥ በሚኒሞ ይሠራል። ለአነስተኛ ሞተር በሰዓት 0.7 ሊትር አካባቢ ነው። በ20 ሰከንድ ወደ 4 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፤ መኪናዋ ግን ሩቅ ትሄዳለች። ስለዚህ ፍጥነቱን ማቆየት ከፈለግክ ፎሌ፤ ፍጥነት መቀነስህ የግድ ከሆነ ማርሽ ውስጥ ሁን። በአጭር ቁልቁለት ፎሌ፣ ወደ ጠባብ ኩርባ ስትደርስ ማርሽ።

ሚኒሞውን ግን አትናቀው። ከ50 ደቂቃው 40ውን በፎሌ ብትሄድ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲያጉረመርም ብቻ ግማሽ ሊትር ሊጠጋ ይጠጣል። በእኔ ግምት ጠቅላላ ፍጆታህ ከ1 ሊትር ከሩብ ብዙም አይርቅም፤ ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ አስበው። ሞተር ማጥፋት የሚያጓጓው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ደንቡን አንብብ፤ ብዙ ውድድር ይከለክላል። ቢፈቀድም እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜህ ተወው እላለሁ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን ማገዣው ለሁለት ሦስት ርግጫ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። መሪው ይከብዳል። ቁልፉን አውጥተህ መሪውን ብትጠመዝዝ ሊቆለፍብህ ይችላል፤ ከጎንህ ሌላ መኪና እያለ ይህን ማየት አትፈልግም። ልምዱ ኖሮህ ብታደርገው ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልስ እንጂ አታውጣ። ስታስነሳም ሞተሪኖውን ከማድከም በአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቅ።

አሁን ወደ ኩርባው።

ከ50 ወደ 40 በፍሬን ብትወርድ የምታጠፋው ኃይል በነዳጅ ሲመነዘር 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ትራኩ አምስት ከባድ ኩርባ ቢኖረውና በየኩርባው አንድ ጊዜ ብትረግጥስ? በ12 ዙር 60 ርግጫ ነው። ሩብ ሊትር ሄደ። ከጠቅላላ ፍጆታህ አንድ አምስተኛው መሆኑ ነው! ጎማ በመንፋትም ሆነ ዘይት በመቀየር ይህን የሚያክል አታገኝም። የፍሬን መብራትህ በ12 ዙር አንድም ጊዜ ካልበራ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል።

ፍሬን ባትረግጥም ኩርባው ራሱ ይበላል። ጎማ ሲታጠፍ ወደ ሚሄድበት አቅጣጫ በትክክል አያይም፤ በትንሽ ማዕዘን እየተፋተገ ነው የሚዞረው። ያ ፍትጊያ ወደ ኋላ ይይዝሃል። ሬዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ ውሰድ። በ60 ብትገባበት ወደ ኋላ የሚይዝህ ኃይል በግምት 500 ኒውተን ይደርሳል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ጎማው ከሚይዝህ አራት እጥፍ ነው። በ43 ብትገባ ወደ 120 ይወርዳል፤ በ35 ብትገባ 50 ገደማ። ፍጥነትን ትንሽ መቀነስ እዚህ ላይ ብዙ ነው የሚመልሰው። ጎማው ሲጮህ ከሰማህ ነዳጅህ ነው የሚጮኸው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚገባው? ከኩርባው በፊት ብዙ ቀደም ብለህ ትለቃለህ። ስትደርስ ፍጥነትህ በራሱ 38 ወይም 40 ይሆናል። ኩርባውን በግፊትህ ትጨርሳለህ። መሪው ወደ ቀጥታ ሲመለስ ትገፋለህ። ሁልጊዜ የምትገፋው ከኩርባ ስትወጣ ይሁን እንጂ ወደ ኩርባ ስትገባ አይሁን። ኩርባው ዳገት ላይ ከሆነ ግን ደንቡ ይገለበጣል፤ ከዳገቱ በፊት ገፍተህ እየወጣህ ፍጥነቱ እንዲወርድ ተወው። ጫፍ ላይ 36 ብትሆን አትደንግጥ። ቁልቁለቱ ይመልስልሃል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የሚቆጠረው ዙር እንጂ ያንተ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አይደለም። ስለዚህ አቋራጭ ሕጋዊ ነው ማለት ይቻላል፤ የውስጡን ጠርዝ ይዞ መሄድ ማለቴ ነው። ትራኩን በሙሉ 5 ሜትር ወደ ውስጥ ገብተህ ብትዞር በየዙሩ 31 ሜትር ያህል ታሳጥራለህ። በ12 ዙር ከ370 ሜትር በላይ ነው። በሰፊና ገር ኩርባ ላይ የውስጡን ጠርዝ ያዝ። በጠባቡ ላይ ግን ከውጭ ገብተህ፣ መሐሉን በውስጥ በኩል ነክተህ፣ ወደ ውጭ ውጣ፤ እዚያ ዙሩን ማስፋቱ ከማሳጠሩ ይበልጥብሃል። ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለም የተቀባ ጉብታ አትውጣበት። መኪናዋ ስትዘል ያ ሁሉ ከግፊትህ ነው የሚቀነሰው።

ይህን ሁሉ ውድድሩ ቀን ላይ ልታሰላው አትችልም። ከተፈቀደልህ ትራኩን በእግርህ ዙረው። የምትለቅባቸውን ቦታዎች ምልክት ስጣቸው፤ ምሰሶ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የአስፋልት ስንጥቅ፣ ምንም ይሁን። በወረቀት ላይ አስፍራቸው። መኪናህ የቅጽበት ፍጆታ የምታሳይ ከሆነች ወይም ኦቢዲ (የመኪናው የምርመራ ሶኬት) ላይ የሚሰካ መሣሪያ ካለህ ልምምድ ላይ ተጠቀምበት። ውድድሩ ላይ ግን ዓይንህ መንገዱ ላይ ይሁን።

ወደ መኪናዋ እንምጣ። 50 ፒኤስአይ አይሆንም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ 44 ነው። ከዚያ በላይ አንድም አትጨምር፤ ደንቡ ከዚያ በታች ከወሰነልህም ደንቡን ያዝ። ከ32 ወደ 40 ስትወጣ ልዩነቱ ይታያል። ከዚያ በኋላ ጥቅሙ እየቀጠነ፣ የጎማው መያዝ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ስትለካ ጎማው ቀዝቃዛ ይሁን።

ማንኛውንም ለውጥ የምትፈትንበት ምርጥ መሣሪያ የእጅ ሰዓት ነው። ሜዳማና ባዶ መንገድ ፈልግ። 55 አድርሰህ ፎሌ አስገባና ከ50 ወደ 40 ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ለካ። በተቃራኒው አቅጣጫም ድገመው፤ ነፋሱና ተዳፋቱ ይጣጣሉ። ጤነኛ ትንሽ መኪና ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ትሰጥሃለች። 12 ከሆነብህ የሆነ ነገር ይዟታል። ብዙ ጊዜ ፍሬን ነው። በክሪክ አንሥተህ እያንዳንዱን ጎማ በእጅህ አሽከርክር፤ ወዲያው የሚቆም ካለ ሸራው አልለቀቀም። ኩሽኔታው የሚያጉረመርም ከሆነም እዚያው ትሰማዋለህ። አላይመንት አስለካ። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞረ ጎማ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሳይቀር ኩርባ ላይ እንዳለ ነው የሚፋተገው።

ክብደት ቀንስ፣ ግን አትበድ። 50 ኪሎ ብታወርድ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ታተርፋለህ። ደንቡ ከፈቀደ ስኮርታውና ክሪኩ ይውረዱ። ፖርቶመጋላ ካለ ዛሬውኑ ይፈታ። ዘይቱን የመኪናው መመሪያ ከሚፈቅደው ውስጥ ቀጭኑን አድርግ፤ ከምልክቱም በላይ አትሙላ። የአየር ፊልትሮና ካንዴላ ጤነኛ ከሆኑ አትነካካቸው። በጠርሙስ የሚሸጥ የነዳጅ ቆጣቢ ፈሳሽ የሚባለውን እዚያው መደርደሪያው ላይ ተወው።

ያቺን የሦስት ፈረስ ስሌት አትርሳት። ኤሲ ብትከፍት ኮምፕሬሰሩ ብቻውን 1 ኪሎዋት ሊወስድ ይችላል፤ መኪናዋን ለማስኬድ ከሚያስፈልገው ግማሽ መሆኑ ነው። የፊት መብራት እንኳ እዚህ ይታያል። ሁለቱ ሃሎጂን አምፖሎች 110 ዋት ናቸው፤ ዲናሞው ያንን ለማምጣት ከሞተሩ 200 የሚጠጋ ይወስዳል። መብራት ግዴታ ከሆነ ይብራ፣ ካልሆነ ይጥፋ። ባትሪውን ዋዜማውን ቻርጅ አድርገህ ሞልተህ ና። ዲናሞው በውድድሩ ሰዓት ባትሪ ሲሞላ እንዳይውል።

ጠዋት ላይ፣ የመጀመሪያው ሙሌት ሳይደረግ፣ መኪናዋን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ንዳት። ሞተሩ፣ የማርሽ ዘይቱና ጎማዎቹ ሲሞቁ ሁሉም ይለሰልሳሉ። በብርድ ሞተር የሚጀመር ውድድር ገና ሳይጀመር ግማሹ ተሸንፏል።

አሁን ሰው ስለማያስበው ነገር ልንገርህ፤ አሞላሉ። ቤንዚን ሲሞቅ ይነፋል። በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከአንድ ሺህ አንድ እጅ ያህል ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ታንክህ 40 ሊትር ከያዘና በሁለቱ ሙሌት መካከል 5 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 190 ሚሊ ሊትር ይነፋል። አንተ የምታቃጥለው 1 ሊትር ከሩብ ነው! በአንድ መኪናና በሌላው ፍጆታ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዘጋጆቹን ጠይቅ፦ ሁላችንም በአንድ ማደያ ጫፍ ነው የምንሞላው? መኪናዋ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ተዳፋት ላይ ነው የምትቆመው? የመጀመሪያዋ ጠቅታ ላይ ነው የሚቆመው ወይስ አረፋው እስኪወርድ ተጠብቆ እንደገና ይሞላል? መልሳቸው ካላረካህ ጨዋታውን ለመዝናናት ተጫወተው፤ በውጤቱ ግን አትናደድ። አፉ ድረስ ማጨቅ ደግሞ የነዳጅ ትነት የሚይዘውን ከሰል ያለበት ማጣሪያ ያበላሻል። በዚህ ላይ አትስማማ።

ሰው ጀርባ ተጠግቶ ነፋስ መሸሽ? በዚህ ፍጥነት የአየሩ ድርሻ ሲሶ ነው፤ ጥቅሙ ትንሽ፣ አደጋው ትልቅ ነው። ይልቅ ሌላው መኪና ከፊትህ ፍሬን ሲረግጥ አንተም እንዳትረግጥ ራቅ በል።

የመጨረሻው ዙር ሌላ ነው። መስመሩን ስታልፍ የቀረህ ፍጥነት ሁሉ የተጣለ ነዳጅ ነው። በሜዳማ ቦታ ከ50 ወደ 20 ለመውረድ 600 ሜትር ገደማ ትንከባለላለህ። ስለዚህ ከመስመሩ 600 ሜትር ሲቀርህ ትለቅና ከዚያ አትረግጥም። ይህን ርቀት በራስህ መኪና በልምምድ ለካው። ነፋሱ ከፊት ከሆነ 150 ሜትር ቀንስለት። ያ የመጨረሻ ጉዞ ለብቻው ከአንድ ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ መጠባበቂያ ሰዓትህን እዚህ ነው የምትበላው። ባንዲራውን ካየህ በኋላም ዝም ብለህ በሚኒሞ አትቁም። ለሁለተኛው ሙሌት ሰልፍ አለ። 10 ደቂቃ ሞተር አስነስተህ ብትጠብቅ ከ110 ሚሊ ሊትር በላይ ሄደ፤ ያ ሁሉ ኩርባ ላይ የለቀምከው ነው። መስመሩን እንዳለፍክ ከትራኩ ውጣ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ከተፈቀደ ሁለት ሰው እስከ ማደያው ይግፉህ። ጓደኞችህን ይዘህ ሂድ።